ግራ ጎኔን ስሸሽግ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከቀኑ 12 ሰዓት

ዛሬም ዘግይቼ ደረስኩ። ከት/ቤት ስወጣ ታክሲ የለም፣ ጦር ኃይሎች ክለባችን አዳራሽ ስደርስ ልጆቹ ሰውነት አሟሙቀው ጨርሰዋል። ቶሎ ቶሎ ለበስኩ። የደረት መከላከያዬን ስስብ ጫፉ እዚያች ቦታ ላይ አረፈ። ግራ ጡቴ፣ ከታች፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ።

ካገኘኋት ሃያ ሦስተኛ ቀኔ። እብጠቷ ባቄላ ታህላለች። አታምም። ብታም ይሻለኝ ነበር።

ላንቺ እንኳ እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም፣ ደብተሬ። ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈርቼ። ይኸው ጻፍኩት።

ኮች አስናቀች ከልምምድ በኋላ ሰበሰቡን። የሴቶች የሻሞላ ውድድር፣ የሰይፍ ግጥሚያው፣ መጋቢት 6፣ እዚሁ አዳራሽ ይደረጋል። የመግቢያው ገቢ ለጡት ካንሰር ሕክምና ከገጠር መጥተው ማደሪያ ላጡ ሴቶች ነው። ሐሳቡ የሳቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው አንድ ጡታቸውን ካስወጡ ስድስት ዓመታቸው። በዓመቱ ሻሞላ ይዘው ተመልሰዋል።

ንግግሩን እኔ እንዳደርግ ጠየቁኝ። እህትሽን የቀበርሽ ነሽ፣ ካንቺ የተሻለ ማን ይናገራል አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ሁልጊዜ ይቀለኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ጠዋት

ማርታ ፀጉሯን ታጥባ ጎፈሬዋን በፀሐይ ታደርቃለች። ባኞ ቤት ስገባ ለምን በር መቆለፍ እንደጀመርኩ ጠየቀችኝ። ትልቅ ሰው ይቆልፋል አልኳት። ድሮ አትቆልፊም ነበር አለች። 14 ዓመቷ ነው፣ የሚያመልጣት ነገር የለም።

የእህቴ የጽጌ ልጅ ናት። ጽጌ የሞተችው እዚሁ፣ ዓለም ባንክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ማርታ አሁን በምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሆናት። ለልጅቷ ጨጓራ ነው እያልን ነበር። ሁላችንም። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ። ከቀብር መልስ ጫማዋን እየፈታሁላት፣ «ሰኒ፣ ጨጓራ ሰው ይገድላል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛውን ጫማዋን መፍታት ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ ያላትን ሰው አታምንም። እኔን ጨምሮ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

በምሳ ሰዓት ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ማለት በሩ ድረስ። ዘበኛው ማንን ነው የምትፈልጊው አለኝ። ማንንም አልኩት። ቦታ ጠፍቶኝ ነው አልኩና ተመለስኩ። ከኋላዬ አየኝ። የሚያውቅ መሰለኝ።

ከሰዓት ነፋሱ ከቆሻሻ ክምሩ ከቆሼ በኩል ስለነበር መስኮት ዘግተን አስተማርን። ሙቀት። ሽታው ግን ገባ።

ንግግሩን ጀመርኩ። «አንዲት ሴት እብጠት ካገኘች ሳትውል ሳታድር ትመርመር» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። እጄ አላፈረም፣ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ምን እንደምፈራ ላንቺ ልንገርሽ። መሞትን ብቻ አይደለም። ጽጌን ስንት ወር እንዳጠብኳት፣ ትራሷ ላይ የቀረውን ፀጉር ማርታ ሳታይ እንዴት እንደምሰበስብ፣ መጨረሻ ላይ በውሃ በነከርኩት ጥጥ ከንፈሯን ሳርሰው ያየችኝ አስተያየት። ሁሉን አውቀዋለሁ። የሚያውቅ ሰው ይብሳል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ከራሔል ጋር ልምምድ። ራሔል የክለቡ ጎበዝ ናት፣ 22 ዓመቷ፣ እግሯ መሬት አይነካም። አሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ፣ በልምድ ነበር የምይዛት። ዛሬ ግን አምስት ጊዜ ተከታትላ ሆዴ ላይ ነጥብ አገባችብኝ።

ግራኝ ስለሆንኩ ለተጋጣሚ የምሰጠው ግራ ጎኔን ነው። ሻሞላዋ ገና ሳይመጣ እጄ ደረቴ ላይ ይወጣል። ከታች ክፍት እሆናለሁ።

ኮች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አሁን አሁን አይቆሙም፤ ወገቤን ነው ይላሉ። በሽታው አጥንታቸው ውስጥ እንደተመለሰ ሁላችንም ሰምተናል፣ ማናችንም አናነሳውም። አስጠሩኝ።

«ሰናይት፣ ያልመጣብሽን ነው የምትመክቺው» አሉኝ።

ደክሞኝ ነው አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 6። ከቀኑ 11 ሰዓት

አለቀ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ነጠላ እንደለበሱ የመጡ፣ የሰፈር እናቶች፣ ሐኪም ቤት አልጋ የሚጠብቁ ስድስት ሴቶች ከፊት ወንበር። አንዷ ከጎጃም ነው የመጣችው፣ ሻሽ አስራለች፣ ማርታ አጠገቧ ተቀምጣ ውሃ ትሰጣታለች። ንግግሬን አነበብኩ። ሳትውል ሳታድር የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ አልተሰበረም። ያ ነው የሚያስጠላኝ። አጨበጨቡልኝ።

ሁለት አሸነፍኩ። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከራሔል ጋር። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፣ ነጥብ የሚቆጥረው ማሽን ሞተ። ዳኞቹ ተማከሩ። በዓይን እንቀጥል፣ የተነካች እጇን ታንሳ ተባለ። ድሮ ማሽን ሳይኖረን እንዲያ ነበር።

አሥራ አምስት የቀደመች ታሸንፋለች፤ አሥራ ሦስት እኩል ነን። ራሔል ተወንጨፈች። መከትኩ፣ ዘገየሁ፣ ጫፉ ተንሸራቶ እዚያው፣ እዚያችው ላይ ገባ። አታምም ያልኩሽ አመመች። ዓይኔ ፊት ነጭ ሆነ።

ዳኞቹ አላዩም። አንደኛው በእኔ ጀርባ ተከልሎበታል፣ ሌላኛው ራሱን ነቀነቀ። ራሔልም እርግጠኛ አልነበረችም፣ ወደ ቦታዋ እየተመለሰች ነበር። ዝም ብል ያልፋል። ሃምሳ ቀን ሊሞላኝ ነው ዝም ስል፣ አሁንስ ምን ይከብደኛል።

እጄን አነሳሁ።

ለምን እንዳነሳሁ አላውቅም። ቀጣዩን ነጥብ ሳልመክት ተሸነፍኩ። ራሔል አቀፈችኝና ወደ ኋላ ሸሸሁባት፣ ግራ ገባት።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ኮች ከዘራቸውን ተደግፈው ተከትለውኝ ገቡ። በሩን ዘጉት።

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

ምኑን አልኳቸው።

«አታድክሚኝ። እኔ መቆም አልችልም።»

ነገርኳቸው። ቀኑን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እፈራለሁ አልኩ፣ ጽጌን አስታምሜ እንዴት አልፈራም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«እኔ አምስት ወር ደብቄዋለሁ» አሉኝ። «ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ጀግና ይለኛል። አምስቱን ወር ማን ይመልስልኛል፣ ሰናይት?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ውጭ ራሔል ዋንጫ ስትቀበል ይጮሃሉ። ኮች ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን አሉኝ። አልጠየቁኝም፣ ነገሩኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ሄድን። ሦስት ሰዓት ወረፋ። ኮች አግዳሚው ላይ እየተቁነጠነጡ አብረውኝ ቆዩ፣ ይሂዱ ብላቸው እምቢ። አልትራሳውንድ፣ ከዚያ መርፌ፣ ናሙና። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስትጀምር የሚያጫውት ፊት ነበራት፣ ስክሪኑን ካየች በኋላ ማጫወቱን ተወች።

ለማርታ የወላጆች ስብሰባ ነበረብኝ አልኳት። በየትኛው ት/ቤት ብላ አልጠየቀችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ውጤት መጣ። ነው።

ብብቴም ውስጥ አለ። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ መድኃኒት፣ ከዚያ ጨረር፣ የጨረሩ ወረፋ ረጅም ነው። ሐኪሟ በደንብ አስረዳችኝ፣ ተስፋ አለው አለች። ሰማኋት፣ ቃሉ ግን አልገባኝም። ወረቀቱን በአራት አጠፍኩት፣ በስምንት። ከዚያ በላይ አይታጠፍም።

ኮች ቅዳሜ ሆ/ል ገብተዋል። በቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ፣ ሌላ የምሄድበት ሰው የለኝም። የሕመም ማስታገሻው አደንዝዟቸዋል። ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

ራሔል አልኳቸው። ጎበዝ አሉና ተመልሰው ተኙ። ውጤቱን ሁለተኛ ነገርኳቸው፣ ቀስ ብዬ። አልሰሙኝም።

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ረዳቱ ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ኮች ትናንት ጠዋት አረፉ። ዛሬ ቀበርናቸው።

ስድስት ነን ሻሞላ ይዘን የቆምን። ራሔል መቆም አቅቷት ያዝኳት። ሰው ሁሉ ተዋግታ ተዋግታ ነው የሞተችው አለ። አምስቱን ወር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልነግርም፣ ካንቺ በቀር።

ድንኳን ውስጥ የክለቡ ሰዎች ልጆቹን ማሠልጠኑን አንቺ ያዢልን አሉኝ። አልችልም አልኩ። ምክንያት ጠየቁ። ት/ቤት ይበዛብኛል አልኩ። ማርታ ንፍሮ እያዞረች ነበር፣ ቆማ አየችኝ።

ዛሬ ምንም የለኝም፣ ደብተሬ። ጸሎትም የለኝም። ጾሙን የያዝኩት ምግብ ስለማይበላልኝ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23። ከቀኑ 10 ሰዓት

ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። ተደወለልኝ።

ለማርታ የምላትን አሰናዳሁ። የስፖርት መምህራን ሥልጠና፣ አዳማ፣ አሥር ቀን። ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘነበች ጋ ታድራለች። ቦርሳ አወጣሁ፣ የሚመስል ነገር ከተትኩ፣ ስኒከር፣ ፊሽካ። ፊሽካ ከተትኩ! ሰኞ ጡቴን ሊቆርጡኝ ለሥልጠና የሚሆን ፊሽካ እከታለሁ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከአሥር ቀን በኋላስ? በፋሻ ተጠቅልዬ ስመለስ ምን ልላት ነው? ጨጓራ? ፀጉሬ ሲረግፍስ? ያኔ ጽጌ ለምናን ነበር። አትንገሯት፣ ልጅ ናት እያለች። እሷን ደስ ይበላት ብለን ልጅቷን እናቷን ሳትሰናበት አስቀረናት። በመጨረሻው ሳምንት ማርታ ለፈተና ታጠና ነበር። አጥኚ ያልኳት እኔ ነኝ።

እድን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሟም አታውቅም። የማውቀው አንድ ነገር፣ ይቺ ልጅ ዳግመኛ ከቀብር መልስ አትጠይቅም።

ፊሽካውንም ስኒከሩንም አወጣሁ። ቢጃማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሐኪም ወረቀቶቹን ከተትኩ። ቦርሳውን ሳልዘጋ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ እንድታየው፣ እንዳልሸሽ።

ዛሬ እነግራታለሁ። ሁሉንም። ብብቴንም፣ ተስፋ አለው የተባለውንም፣ መፍራቴንም። ብትጮህብኝ ትጩህ። ስለ እናቷም ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ መጀመሪያ እሱን።

ደረጃ ላይ ድምፅ አለ። እሷ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁሌ ትቆማለች፣ ቁልፏን ትፈልጋለች። ከየት እንደምጀምር…