ስለ ተቸነከረው የኋላ በር

ለተከበሩ አቶ ሙላው
የሰፊው በር ሱቅ አከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር
ንፋስ መውጫ

ጭስ የማይደርስበት ጤና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ እየተመኘሁ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር በማስቀደሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ቢሻው የሱቃችንን የኋላ ግድግዳ ፈልጦ መውጫ ሊያበጅ ያዘጋጀውን መጥረቢያ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ማኅበሩ «ለሌባ ያመቻል» ብሎ የኋላ በሮችን ሁሉ በጣውላ ስላስቸነከረ፣ ትእዛዝ ማክበሬ ነበር። በዚያው ሁዳዴ እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ እሳቱ በፊት በር በኩል ያዘ፤ ቢሻው የሚወጣበት አጣ።

ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እነሆ።

1. የተቃጠለውን ረድፍ በዚያው በደረቅ ባሕር ዛፍ፣ በዚያው በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ መልሰው ስላሠሩልን አመሰግናለሁ። ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ በመሆኑ፣ እሳት ከሱቅ ወደ ሱቅ ለመሄድ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም።

2. በየሱቁ ደጃፍ የአሸዋ በርሜል ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። አሸዋው ለጽሕፈት ቤትዎ ልስን ከተወሰደ ወዲህ፣ በርሜሉ ለጥራጊ ተመችቶናል።

3. የቃጠሎውን መነሻ እንዲያጣራ ያቋቋሙት ኮሚቴ ጉዳዩን ስላዳፈነው አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነውና ቃሉን ተሳስቼ እንደሆነ ልታረም፤ እኛ ሴቶች ግን ፍም በአመድ የምናዳፍነው እንዲጠፋ ሳይሆን ለነገ እንዲቆየን ነው።

4. የኋላ በሮቹን በአዲስ ጣውላ፣ ከበፊቱ በረዘመ ምስማር ስላስመቱልን አመሰግናለሁ። ቢሻው በሞተበት ሱቅ ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ህይወት ሕፃን ልጇን አስተኝታ ትሠራለች፤ የከሰል ካውያዋም እዚያው ጨርቁ መካከል ይግላል። በኋላ በኩል ሳልፍ የሕፃኑን ልቅሶ በጣውላው ስንጥቅ እሰማለሁ። ድምፁ ይወጣል። ስንጥቁ ግን እጄን እንኳ አያሳልፍም። አቶ ሙላው፣ ልመናዬ ይህች አንዲት በር እንድትከፈት ብቻ ነው።

በመታዘዟ ካጠፋችው በቀር ሌላ ክስ የሌለባት፣
የማኅበሩ የቀድሞ ተከራይ፣ አክባሪዎ
ካሣነሽ ይርዳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቶቻችን ለንፋስ እንኳ መውጫ ሰጥተው ከተማችንን በዚያው ሰይመዋታል፤ ማኅበርዎ ለሰው የነፈገውን ማለት ነው። ደብዳቤው እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግልባጩ ለህይወት ይደርሳታል። ግልባጩን የጠቀለልሁትም በደበቅሁት በቢሻው መጥረቢያ እጀታ ላይ ነው።