«ልቤን» ያልሽው ሕመም

የምወድሽ ልጄ፣ በሰው አገር የጠበቀሽ አምላክ ከአልጋሽ ያንሳሽ፤ የሚያክሙሽን እጆች ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። ጣራው ዛሬም ያፈሳል፤ አባትሽ ባልዲ ደቅኖበት ከስልኩ አጠገብ ንቅንቅ አይልም። ታናሽ እህትሽ ፈተናዋን አለፈች፤ «እሷ ስትድን ነው የምደሰተው» አለች።

የደረሰብሽን ሁሉ የአክስትሽ ልጅ ደውላ ነገረችኝ። «ልቤን ያመኛል» ብለሽ በስልክሽ አስተርጉመሽ ለሐኪሙ አሳየሽው አሉ። እኛ ልቤን ስንል ጨጓራችንን ማለታችን መሆኑን እሱ ከየት ይወቀው? ልብሽን መርምሮ «ደህና ነሽ» እያለ ሲመልስሽ ከረመ። አንቺም የሚልሽ ሳይገባሽ፣ አፍረሽ፣ አንገትሽን እየነቀነቅሽ ትወጪያለሽ። ጨጓራሽ ተበስቶ ሥራ ቦታሽ ላይ ወድቀሽ ለቀዶ ጥገና እስክትገቢ ድረስ ያወቀልሽ የለም።

ጎረቤታችን ነርሷ፣ «ቀዶ ጥገናው በጊዜ ቢሆን ይሄን ያህል አልጋ ላይ ባልቆየች ነበር» አለችኝ። አባትሽ ይህን ሲሰማ፣ «ምነው በእጇ ነክታ ብታሳያቸው» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከትዬው ስሄድ ፊቱን አዞረብኝ።

ከእንግዲህ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ያልገባሽን አልገባኝም በይ። ይህ ነውር የለበትም። የቆረጠሽን ቦታ በጣትሽ ጠቁሚ።

አምላክ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ፤ በእግርሽ ቆመሽ ለመሄድ ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትደውይ «ደህና ነኝ እማዬ» ነበር የምትይኝ። እኔ እኮ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም፤ ሲያምሽ አመመኝ በይኝ።

እናትሽ