ሳልለካ ያሰርኩት ባሌስትራ

አምቦ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ ጉርሙ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ዱሬቲ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው? እዚህ ላይ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ግን ደህና አይደለሁም። ወገቤ ከመኪና ሥር ስገባ እሺ ይላል፣ ስወጣ እምቢ ይላል። ጠዋት ጠዋት ፈትለወርቅ ክንዴን ይዛ ነው ከአልጋ የምታነሳኝ። «ላንተም ክሪክ ልግዛልህ እንዴ?» ትለኛለች። ሚስትም እንዲህ ትቀልዳለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ነጋዴው ሌታ ነው። ከፈለግክ ራስህ አንብበው፤ ከፈለግክም ሸነን ገበያ መሀል ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ፈልግለት። አልቀየምህም። እኔም ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነው።

በሃምሳ ሰባት የሆነውን ልጽፍልህ ነው። መኪናው መሪ ላይ የሆነውን አንተ ታውቃለህ። እኔ የምነግርህ ከመኪናው ሥር የነበረውን ነው።

ያን ቀን የኦቦ ቦጂያን የጭነት መኪና ይዘህልኝ መጣህ። «አበልጄ፣ የግራው የኋላ ባሌስትራ ሸሽቷል፤ መኪናው እንደ ውሻ በጎኑ ነው የሚሄደው» አልከኝ። ግቢዬ ውስጥ አቆምነው። አንተ ክሪኩን እያዞርክ ኋላውን ከመሬት አነሳኸው፣ ግንድ ደገፍንበት፣ ጎማውን አወለቅን። እኔ ጆንያ አንጥፌ ገባሁ። አንተ እንደ ልማድህ ክሪኩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ።

ያ ልማድህ! በአምቦ ስንት መካኒክ፣ ስንት ሾፌር አለ፤ እንደኛ የሚሠራ ግን አላየሁም። ሰው ከመኪና ሥር እስካለ ድረስ ክሪክ የያዘ ሰው ከቦታው አይነሳም፣ ዝምም አይልም ብለህ ሕግ አወጣህ። በየጊዜው «ጂርታ?» ትለኛለህ፤ «ጂራ» እልሃለሁ። አለህ? አለሁ። ሌላ ወሬ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር። በኋላ ግን ያቺን ድምፅ ሳልሰማ አንድ ቡሎን መፍታት አቃተኝ።

የባሌስትራን ነገር አንተ ታውቀዋለህ፤ የሚያነብልህ ሰው እንዲገባው ብዬ ልጻፈው። እነዚያን የተደራረቡ ብረቶች መሀል ለመሀል ወግቶ የሚይዛቸው አንድ ቡሎን አለ። የቡሎኑ ራስ አክሰሉ ላይ፣ ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያገናኘው ብረት ላይ፣ ካለችው ቀዳዳ ልክ ካልገባ አክሰሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናው ይጣመማል። ያን ቀን የቡሎኑ ራስና ቀዳዳዋ በአንድ ጣት ያህል ተላለፉብኝ። አክሰሉን ገፍቶ ለመመለስ ሁለተኛ ክሪክ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለተኛውን ደግሞ ለአንድ የጊንጪ ሰው አውሼው እንደወጣ ቀርቷል። በብረት ታገልኩ፣ በመዶሻ ታገልኩ። ከጠዋት ጀምሮ የደረቀ ጭቃ ዓይኔ ውስጥ ይረግፋል። መጨረሻ ላይ «ጭነት ሲያርፍበት ራሱ ቦታውን ይይዛል» አልኩ፤ ሰነፍ መካኒክ ሁሉ የሚላትን። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን አራቱን ዳዶ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኳቸው።

«ጂርታ?» አልከኝ።

«ጂራ።»

«በሲባጎ ለካህ?»

ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ እስከ አክሰሉ ድረስ፣ በግራም በቀኝም፣ በሲባጎ ሳንለካ መኪና አውርደን አናውቅም ነበር። ሲባጎው ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን እንኳ አልሰደድኩም።

«ለክቻለሁ፤ እኩል ነው» አልኩህ።

ደክሞኝ ነበር፣ ጉርሙ። ሌላ ምክንያት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አራት ዓመት ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ጆንያ ላይ መነሳት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ከባኮ በቆሎ ጭነህ ስትመለስ ወደ ጉደር የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያዘህ። ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ ግራ ጎተተህና ቦይ ውስጥ ከተተህ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ያንተ ክንድ ተሰበረ፣ በቆሎው ጭቃ ላይ ፈሰሰ።

ኦቦ ቦጂያ ሁለታችንን በረንዳቸው ላይ አቆሙን። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። «ሞቱማ፣ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ይህን መኪና ምን ነካው?» አሉኝ። እኔም «ጭነት በዝቶበት ነው እንጂ ባሌስትራው ደህና ነበር» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራሴም ከዚያ ወዲህ ተመልጧል። አንተ የተሰበረ ክንድህን አቅፈህ ትክ ብለህ አየኸኝ። ከዚያ «አዎ፣ ሁለት ጆንያ አብዝቼ ነበር» አልክ። ሁለት ጆንያ! ሁለት ጆንያ ያን የሚያህል መኪና ቦይ ሲከት የት ታይቷል? ምነው በደህናው እጅህ በጥፊ ብትለኝ ኖሮ!

ከዚያ ወዲያ ከአምቦ እስከ ባኮ መሪ የሚሰጥህ ሰው ጠፋ። ሸነን ገብተህ በሬ ጠመድክ። ክርስትና ያነሳሃት ልጄ አመለሸጋ ስድስት ዓመት ሞላት። «ክርስትና አባቴ ለምንድን ነው የማይመጣው?» ስትለኝ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። ለልጅም እዋሻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ያው መኪና ግቢዬ ገባ። መርጋ የሚባል ሾፌር ነው የያዘው። «ይሄ መኪና ጎማ ይበላል፤ አንጀቴን አሳረረኝ» አለኝ። ከአደጋው በኋላ ፊቱን አዲስ አበባ አሠርተውታል። ኋላውን ግን የነካው የለም፤ ሞቱማ ደህና ነው ብሏላ! አነሳነው። አራቱን ዳዶ ፈታሁ። የቡሎኑ ራስ ከቀዳዳዋ አጠገብ ብረቱን ነክሶ ጠባሳ አውጥቶበታል። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ራሱ ቦታውን አልያዘም።

አሁን ሁለት ክሪክ አለኝ። አንዱን አጋድሜ አክሰሉን ቀስ እያልኩ ገፋሁት፤ ጠቅ ብሎ ገባ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር፣ ጉርሙ። የሩብ ሰዓት! ዳዶዎቹን አጥብቄ ሲባጎውን አወጣሁና በግራም በቀኝም ለካሁ፤ እኩል ነው። ደግሜ ለካሁ። ከዚያ እዚያው እንደተንጋለልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ጂራ» አልኩ።

የሚመልስልኝ አልነበረም። መርጋ ክሪኩን ትቶ ሲጋራ ሊገዛ ሄዷል። ቅባት በነካው እጄ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ስወጣ ፈትለወርቅ ፊቴን አይታ «ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም «ለኔ ምን ያደርግልኛል? የዋሸኸው እዚያ በረንዳ ላይ ነው፤ እዚያው ሄደህ ተናገር» አለችኝ።

ሄድኩ። ኦቦ ቦጂያ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። «ያን ጊዜ ጥፋቱ የጉርሙ አልነበረም፤ የኔ ነው። ሳልለካ ለካሁ ብዬዋለሁ» አልኩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ኦቦ ቦጂያ። ቀጥለውም «ጉርሙ ቢመጣ የዚህ መኪና መሪ የሱ ነው፤ መርጋን ሌላው መኪና ላይ አደርገዋለሁ። አንተ ግን፣ ሞቱማ፣ ከእንግዲህ ከመኪናዬ ሥር እንዳትገባ» አሉኝ። የግቢዬ እንጀራ ግማሹ የሳቸው መኪኖች ነበሩ። ቢሆንም ልክ ፈርደዋል፤ ቅርም አላለኝ።

ሽማግሌ ልልክብህ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ጥፋቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ይላል። ይሄ የሚከፈል አይደለም፤ ሙሉው የኔ ነው።

ሲባጎውን እዚሁ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። መኪናውን ማንም ይሥራልህ ማን፣ «ለካሁ» ቢልህ አትመነው። ራስህ ጎንበስ ብለህ ለካ።

ለኔ ስትል ና አልልህም፤ ምን ፊት አለኝ? ለራስህ ስትል ግን ና፤ መሪው ይጠብቅሃል። መኪናውን ይዘህ ስትወጣ መንገድህ በግቢዬ በር ላይ ነው። አትውረድ፣ ሞተሩንም አታጥፋ፣ ሰላምታም አልጠይቅህም። በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ቀስ በልና እንደ ድሮው አንድ ጊዜ ተጣራ። ከአንዱ መኪና ሥር ተኝቼ እሆናለሁ። ወገቤ እምቢ ቢለኝ፣ ብድግ ብዬ ባልወጣም፣ እሰማሃለሁ።

«ጂራ» እልሃለሁ።

አበልጅህ ሞቱማ