በቤቴ ለሌለ ቴሌቪዥን ጥፋተኛ ስለ መባሌ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት
አርባ ምንጭ

አቤቱታ አቅራቢ፦ ጌዲዮን ወልደየሱስ፣ ሥራ ሽመና፣ አድራሻ ሲቀላ

ጉዳዩ፦ የቴሌቪዥን ግብር ሳይከፍል ቴሌቪዥን ይዞ ተገኝቷል በሚል የተሰጠብኝ የጥፋተኝነት ውሳኔ እንዲሻርልኝ ስለ መጠየቅ

ለተከበረው ፍርድ ቤት የሚገባውን አክብሮት አስቀድማለሁ።

1. የተፈረደብኝ በራሴ ቃል ነው። ሌላ ሰው ከሚያነሣው እኔ ቀድሜ ብናገረው ይሻላል። ችሎቱ ክሱን አንብቦ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ። «ነኝ» አልሁ። ቴሌቪዥን ግን የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።

2. የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን ግብር ተቆጣጣሪው ቤቴ ሲመጣ እኔ ፈትል ለመግዛት ወጥቼ ነበር። ቤት የነበረችው የእህቴ ልጅ ሊሻን ናት። ከደጃፉ ሆኖ ለሚያይ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ይታያል። ካርቶኑን የሰጡኝ ባለሱቁ አቶ ጀይሉ ናቸው፤ ሠርቼ የጨረስሁትን ጋቢ ከአቧራና ከአይጥ የምጠብቅበት ነው። ተቆጣጣሪው ልጅቷን «ቴሌቪዥን ታያላችሁ?» ሲላት «አዎ፣ ማታ ማታ» አለችው። እውነቷን ነው። የምታየው ጎረቤታችን ወይዘሮ ረሒማ ቤት ነው። የማን ቤት ብሎ አልጠየቃትም። ያልተጠየቀችውን አልጨመረችም። ካርቶኑንም አልከፈተውም።

3. ታዲያ ለምን አመንህ እባላለሁ። ወይዘሮ ረሒማም ፍርዱን ስነግራቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው። «እኔ በከፈልኩበት አንተ ተፈረደብህ? ያልገዛውን ቴሌቪዥን የሚያምን ሰው ገና ዛሬ አየሁ። በል እንግዲህ፣ ካመንክ ሪሞቱን አምጣ።» ሣቁ። እኔም አብሬ ለመሣቅ ሞከርሁ።

4. አማርኛው አልጠፋኝም። ጥያቄውን ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛልም። ያደግሁት ጨንቻ ነው። በአባቴ አገር ሽማግሌዎች በዱቡሻው፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ፣ ተቀምጠው አንድን ሰው ጥፋት አለብህ ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ ራሱን ሳይመረምር «የለብኝም» ያለ የዕርቁን በር በገዛ እጁ ዘጋ ይባላል። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ «አለብኝ» ይላል። ምንድን ነው፣ በማን ላይ ነው፣ መቼ ነው የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ የሚመረመረው ያኔ ነው። ንጹሕ ከሆነም ንጽሕናው የሚወጣው ያኔ ነው። አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነው። ችሎት ፊት ስቆም እግሬ የቆመው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር። «ነኝ» ብዬ ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅሁ። አልመጣም። የሌላ ሰው መዝገብ ተጠራ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ በር ላይ ያለው ፖሊስ «በል ወጣ በል ወንድሜ፣ ሰው ይጠብቃል» አለኝ። ወጣሁ።

5. እዚህ ላይ ባቆም በቂ በሆነ ነበር። ነገር ግን «ነኝ» ስል ባዶ ቃል አልተናገርሁም። ያሰብሁት ነገር ነበር። እህቴ በለጥሽ ከሞተች ወዲህ ሊሻን ከእኔ ጋር ናት። መልኳ የእናቷ ነው። ስትሥቅ ደግሞ ይብሳል። መሸት ሲል ሥራ አለብኝ እያልሁ ወደ ወይዘሮ ረሒማ ቤት እልካታለሁ። ሥራ የሌለኝ ቀንም አለ። በዚያም ቀን እልካታለሁ። ከሸማ መሥሪያዬ ፊት እጄን አጣምሬ ተቀምጬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ልጅቷ እዚያ ትሥቃለች። ሌላ ሰው ግብር የከፈለበትን ቴሌቪዥን ለልጅቷ ሞግዚት አድርጌያለሁ። ችሎቱ ሲጠይቀኝ የመጣብኝ ይህ ነው። በየትኛው የሕግ አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ አላውቅም።

6. የገንዘብ ቅጣቱን ከፍያለሁ፤ በእሱ አልከራከርም። የምፈራው ሌላ ነው። የሊሻን ሞግዚት ልሁን ብዬ ያቀረብሁት ማመልከቻ ገና ውሳኔ አላገኘም። ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ አምጣ ተብያለሁ። ይህ ፍርድ እያለ ማስረጃው አይሰጠኝም። ካላመጣሁ ልጅቷ ወደ አባቷ ዘመዶች ትሄዳለች። አንድም ቀን አይታቸው አታውቅም። እንዲህ በየማታው ወደ ጎረቤት የሚልካት ሰው ልጅ ማሳደግ ይገባዋል ወይ ቢባል፣ ጥያቄው የእኔም ነው። መልሱ ግን በቴሌቪዥን ግብር መዝገብ ውስጥ መገኘት የለበትም።

7. ስለዚህ ክቡር ፍርድ ቤቱ የወይዘሮ ረሒማንና የአቶ ጀይሉን ምስክርነት ሰምቶ፣ ካስፈለገም ቤቴ እንዲታይ አዝዞ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔውን እንዲሽርልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይግባኜ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስም ፍርዱ ታግዶ እንዲቆይልኝ፣ በሞግዚትነት ማመልከቻዬም ላይ እንቅፋት እንዳይሆንብኝ እጠይቃለሁ።

8. ይህን ጽፌ ሳበቃ ሊሻን ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። አምስተኛውን ተራ ቁጥር ዘልዬ አነበብሁላት። ሰምታ ስትጨርስ «አጎቴ፣ ለሰውየው አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኋት። ራሴን አልመረመርሁም፤ ጠያቂም አልጠበቅሁም፤ ወዲያው ነው ያልሁት። ከዚያ የዘለልሁትን አነበብሁላት። ክቡር ፍርድ ቤቱ እንደገና ቢጠይቀኝ፣ በቤቴ ቴሌቪዥን የለም፤ ጥፋተኛም አይደለሁም እላለሁ። የቀረውን የምመልሰው ለእሷ ነው።

ያቀረብሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

አባሪ፦ የውሳኔው ግልባጭ

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጌዲዮን ወልደየሱስ