የእናቴ በሶና የአያቴ ድድ

ኅዳር 3 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬ ቤታችን ሸንጎ ተቀምጦ ዋለ። ጉዳዩ... እናቴ ከቤቷ ሳትወጣ ምን ሠርታ ትሽጥ? ወንድሜ ደረሰ ከሄደ ወዲህ እርሻውን የሚይዝ የለም። ለጎረቤት «ቅኔ ሊቆጥር ገበዝ ማርያም ሄደ» ብለናል። የሄደው ዱር ነው፣ ወደ አርበኞቹ። ይህን መጻፌ ራሱ እብደት... ከጎታው ሥር እቀብረዋለሁ።

አጎቴ ባዬ ጠላ ይሁን አለ። ማንም ሳይሾመው ቀማሽነቱን ለራሱ ሰጠ። እናቴ እምቢ አለች፤ ጠላ ከተጠመቀ የጣሊያኑ ምሽግ ወታደር ሁሉ እዚህ ይውላል፣ እኔ ደግሞ ልጃገረድ አለችኝ ብላ። ልጃገረዷ እኔ ነኝ። የእናቴ አባት፣ አያቴ መሪጌታ ክንፈሚካኤል፣ ጧፍ አሉ። ሰሙስ ከየት? ማሩም ሰሙም ወደ ምሽጉ ነው የሚገባው። መልስ ሲያጡ ስለ ንብ ከመጻሕፍት እየጠቀሱ አስተማሩን። አጎቴ አንቀላፋ።

በመጨረሻ እናቴ ራሷ ቆረጠች። በሶ። ገብሱ ከደጋው አገር ከፈረስ ቤት በርካሽ ይወርዳል፣ ወፍጮው ቤታችን አለ፣ ገዥውም የሚገናኘን ገበያ ላይ ነው እንጂ ደጃፋችንን አይረግጥም። ሸንጎው ሙሉ ቀን ያልደረሰበት ነገር ገብስ እየለቀመች ደረሰችበት።

ኅዳር 11

የመጀመሪያ ገበያችን። ዘወር ብሎ ያየን የለም። እናቴ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ በሶውን ልትደብቅ እንጂ ልትሸጥ የመጣች አትመስልም። ሌሎቹም ሴቶች «በሶ፣ በሶ» ይላሉ። በሶ መሆኑንማ ማን አጣው? ገዥ መስማት የሚፈልገው በሶው ምን እንደሚያደርግለት አይደል?

ቤት ስንገባ ግጥም ጀመርኩ። ለሙከራ ያህል በአያቴ...

«ጥርሳቸው ላለቀ ለእኛ መሪጌታ፣
የእታለም በሶ ነው ጠዋትና ማታ።»

እታለም እናቴ ናት። ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አያቴ ግን መቋሚያቸውን አነሡ። ዳዊት ያስተማርኩሽ በድዴ እንድትነግጂ ነው? አሉኝ። በሶም ሲቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ኩርፊያቸው ከአጎቴ ባዬ ስካር ይረዝማል።

ይቅር። ሌላ እገጥማለሁ።

ኅዳር 14

በርበሬ ነጋዴውን ታከለን ወሰዱት። ለዱሩ ሰዎች ስንቅ ሸጠሃል ብለው። ሚስቱ ምሽጉ በር ላይ ተቀምጣለች። ልብሱን ብቻ ሰጧት።

ኅዳር 18

ምን አድርጌ ነው... ምን ነክቶኝ ነው?

የታከለን ነገር እያወቅሁ! ግጥሙ ሲያምርልኝ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ገበያ መሀል ቆሜ ጮህኩ፦

«የእታለምን በሶ የቋጠረ ጎበዝ፣
ወር ዱር ቢከርምም ዓይኑ እንኳ አይፈዝ።»

ሰው ከበበን። ልጆች ተቀበሉኝ። እኩለ ቀን ሳይሆን ቁናው ባዶ ቀረ። እናቴ ቀሚሴን ትጎትታለች፤ እኔ ዓይነ አፋርነቷ መስሎኝ ባሰብኝ።

ከዚያ ልጆቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዘወር ብል የምሽጉ አስተርጓሚ ንብረት ከኋላዬ ቆሟል። ግጥሙን በቃሉ ይዞታል፤ ቀስ ብሎ ደገመልኝ።

«ዱር የሚከርመው ጎበዝ ማነው?»

ባዶውን ቁና ከመሬት አነሣሁ። ሰኞ ጠዋት በሶውን ይዛችሁ ምሽጉ በር ተገኙ ብሎን ሄደ። አልተቆጣም። ለዚህ ነው የፈራሁት።

ኅዳር 19

እናቴ ሁለት ጋቢ አጥፋ አስቀመጠች። ለምን ብላት ምሽግ ውስጥ ሳይበርድ አይቀርም አለች።

ስለ ደረሰ ቢጠይቁንስ? ገበዝ ማርያም ሰው ልከው እንዲህ ያለ ተማሪ የለም ቢባሉስ? አጎቴ ባዬ የጠፋ ከብት ፍለጋ ሄዷል። የጠፋ ከብት የለንም።

አያቴ ያልኩትን ግጥም አስደገሙኝ። አልተቆጡም። ቢመቱኝ ይሻል ነበር። «ያኛውስ? የእኔው?» አሉ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

ኅዳር 20



አያቴ ጥምጥማቸውን አድርገው ቀድመውን ወጡ። እንዲመጡ ማንም አልጠራቸውም። የታከለ ሚስት በሩ ላይ እንዳለች ናት... አላየችንም። የጣሊያኑ ሹም ተቀምጧል፣ ንብረት ከጎኑ ቆሞ ግጥሜን ይተረጉምለታል። «ዱር» የሚለው ላይ ሲደርስ ሹሙ ቀና ብሎ እናቴን አያት።

አያቴ በመሀል ገቡ።

«ልጅቱ የቋጠረ ጎበዝ አለች። ገበያ ነው፣ አጋነነች። የበሶው በላተኛ እኔ ነኝ። የፊተኛውን ግጥም ይስሙልን።»

ከዚያ... በማኅሌት ድምፃቸው፣ መቋሚያቸውን እየነቀነቁ፣ «ጥርሳቸው ላለቀ ለእኛ መሪጌታ» ብለው አዜሙት። ጨርሰው አፋቸውን ለሹሙ ከፈቱለት። አንድ ጥርስ የለም። ሹሙ ሳቀ። ወታደሮቹ ሳቁ። ንብረት ብቻ አልሳቀም።

«እንግዲያ ብላ፣ አንተ ሽማግሌ። አሁኑኑ። እንይህ።»

ንብረት አንተ አላቸው። መሪጌታን!

ዕለቱ ሰኞ፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት። አያቴ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ባለፈው ዓመት ታመው አልጋ ይዘው እንኳ አልገደፉም። እናቴ «አባባ፣ ይቅር...» አለች። አማተቡ። ከከረጢቱ ደረቁን ዱቄት ዘገኑ። አላመጡ፣ ሳሉ፣ ደግመው ዘገኑ። ዱቄቱ ጢማቸው ላይ ይበናል። ሹሙ ዓይኑን እየጠረገ እጁን ወዘወዘ። ሂዱ ማለቱ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጢማቸውን በነጠላዋ ጠረገችላቸው።

ኅዳር 25

አያቴ ከሰኞ ጀምሮ ስግደት ላይ ናቸው። ጉልበታቸው አብጧል። ንስሐው የእኔ መሆን ነበረበት ስላቸው፣ አንቺ ገና ብዙ ትገጥሚያለሽ፣ ለዚያ አቆዪው አሉኝ።

ዛሬ ገበያ ወጣን። እሳቸውም አብረውን። አፌን አልከፈትኩም። ወሬው ግን ቀድሞን ደርሷል። ከዚህ ቀደም ጉልበታቸውን ይስሙ የነበሩ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። የልጅ መንጋ ከኋላቸው «ጥርሳቸው ላለቀ» እያለ ይከተላል። የእኔው ግጥም... እንዴት ያስጠላል! ድንጋይ አነሣሁ። አያቴ እጄን ያዙኝ።

«ተያቸው ልጄ። በሶ እየሸጡልን ነው።»

ድንጋዩን ጣልኩት።

ንብረት ከበርበሬው ተራ ቆሞ ያየናል። የታከለ ቦታ ባዶ ነው። አያቴም አዩት። ከቁናው ዘገኑና የበሶው በላተኛ ማን እንደ ሆነ ለእሱም ለገበያውም ሁሉ እንዲታይ አፋቸውን ከፍተው አላመጡ። ውሃውን በቅል ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።