ከሕሙማን ጋር የተጠራ ስም

ሎስ አንጀለስ፣ እሑድ ኦክቶበር 16 ቀን 2016

ለምወድሽ ልጄ ለትርሲት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ፊቴን ግን ሰው ባያየው እመርጣለሁ። ስልኬን አላነሳ ስላልሽኝ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ዘቢደር ደውለው "የካንሰሩ ሕክምና፣ ኬሞው እንዴት አደረገሽ?" እያሉ እንዳለቀሱብሽ፣ አንቺም ስልኩን እንደዘጋሽባቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ ከዚያ ተቆጪኝ።

ባለፈው ወር ፌርፋክስ መንገድ፣ ከጌታሁን ጋር ምግብ ቤቱ ቁጭ ብዬ የአንቺን ነገር አነሳሁ። ፌዴራል መንግሥቱ ለውኃ መመርመሪያ መሣሪያሽ የምርምር ገንዘብ እንደሰጠሽ፣ የኬንታኪ ግዛት ደግሞ ድርጅትሽን ወደዚያ ካዛወርሽ በፌዴራሉ ላይ የራሱን እጨምርልሻለሁ እንዳለሽ፣ እዚህ ግን እንዲህ የሚጨምርልሽ እንዳላገኘሽ ነገርኩት።

"ሶ፣ ሙቭ ያደረገችው ለዚህ ነው?" አለኝ።

"ኬንታኪ የሚጨምርላትን እኛ ብንጨምርላት ትመለስ ነበር" አልኩት። አፌ ነው፤ ሌላ ምንም አላልኩም።

ጌታሁንን ታውቂዋለሽ፣ ነገር አያሳድርም። በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ "ለትርሲት ሀብተሥላሴ" ብሎ ካርቶን አዞረ። እኛ ዘንድ ደግሞ ካርቶን የሚዞረው ሰው ሲሞት ወይ ሲታመም ነው። ለቢዝነስ ሲዞር ማን አይቶ ያውቃል? ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ገንዘብ ከተቱ። ከእነሱ አንዷ ሙሉዬ እጄን ይዛ "ጋሼ፣ አይዞዎት፣ እዛ ያሉት ዶክተሮች ጎበዞች ናቸው" አለችኝ። ያኔ "የለም፣ ልጄ ደኅና ናት" ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ የክርስትና ስምሽን ከሕሙማን ጋር ጠሩት። እኔም ከሕዝቡ ጋር "አሜን" አልኩ።

ልጄ፣ አፈርኩ። ለማንም እጅሽን ዘርግተሽ የማታውቂውን ለማኝ አደረግሁሽ። ጤነኛ ልጄን በገዛ አሜኔ በሽተኛ አደረግሁ። "አባዬ፣ ለምን ዝም አልክ?" ካልሽኝ፣ ከሄድሽ ወዲህ "ልጅዎ ለምን ጥላዎት ሄደች?" የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ካርቶኑ ከዞረ በኋላ ግን የጠየቀኝ የለም። የታመመች ልጅ ጥላ ሄደች አይባልማ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ማይኩን ለምኜ ተነሳሁ። "ልጄ አልታመመችም። ሥራዋን ይዛ ኬንታኪ ሄዳለች። የሰጣችሁትን ውሰዱልኝ" አልኩ። አንድም ሰው ወደ ካርቶኑ አልመጣም፤ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ሆኖባቸው። በመጨረሻ ጌታሁን "ኦኬ፣ ለጣራው ማሳደሻ ይሁን" አለና ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ገባ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ዘቢደር ክንዴን ይዘው "ተመስገን! ተመስገን!" እያሉ እንደገና አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ "ደኅና ከሆነች ታዲያ ለፋሲካ እንኳ ብቅ ያላለችው ምን ሆና ነው?" አሉኝ።

"ሥራ በዝቶባት ነው" አልኳቸው። ይኼኛውም ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

በይ እንግዲህ፣ ኬንታኪ በጨመረልሽ ላይ እግዚአብሔር ደግሞ የራሱን ይጨምርልሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ነገ ማታ እደውላለሁ። ባታነሺም አልቀየምሽም፤ ደኅና መሆንሽን ግን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁና ከራስሽ አፍ ብሰማው ደስ ይለኛል።

አባትሽ
ሀብተሥላሴ