ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ያለው «ግልጽ ነው»

ይድረስ ለአባታችን፤

በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅዎ፣ አራት ሜትር ጥቁር የካፖርት ጨርቅ ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በስፌት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ፣ ከአገልግሎት ውጪ መሆኑን ነው። ገዳይዋ የገዛ ልጅዎ ናት። ዝርዝሩን እመጣበታለሁ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃ ያስወጣዎታል ወይስ አሁንም ከታች ሆነው ነው የሚጣሩት? እማዬ መነጽሯን አገኘች? ወይስ እንደ ልማዷ ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤቱን ታምሳለች? እኛ ደህና ነን፤ ይኸውም ከሐሙስ ወዲህ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ታናሼን ጩጬን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ሲያስገቧት «ሁለት ዓመት ብቻ ጠብቃት» ብለው እኔን አብረው ሸኙኝ። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆነ። እግሯ ከአግዳሚው መሬት ስለማይደርስ የጫማ ካርቶን ከሥሯ አደርግላት ነበር፤ ከትምህርቱ ለእኔ የገባኝ «እንደምን አደራችሁ» የሚለው ብቻ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ያንን ስሟን ያስጠራውን የሂሳብ ማረጋገጫ፣ ማለትም አንድ ሐሳብ እውነት መሆኑን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳውን ጽሑፍ፣ ጻፈች። መምህርነቷም፣ ሌሎች ምሁራን በላዩ የከመሩት ሥራም የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ታዲያ ከስድስት ሳምንት በፊት ስታስተምር አንድ ጎልማሳ ተማሪ፣ ቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ፣ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማረጋገጫዎ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ‹ይህ ግልጽ ነው› ይላል። ለእኔ ግን አልገለጽልህ አለኝ» አላት። ጩጬ ጠመኔ አንስታ ልታስረዳው ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ራሷ አጠፋችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱ ባለ ካባ ያንን ገጽ እያነበበ ራሱን ሲነቀንቅ ኖሯል፤ ያልገባው እሱ ብቻ ነው እንዳይባል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ፣ ሰው አላይ አለች። አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የገባኝ ነገር በሃያ ስምንት ካልገባኝ፣ ያኔ ጎበዝ ነበርኩ ወይስ ደፋር?» አለችኝ። ምላሴ ለነገር የሚፈጥነው ሰውዬ ሳህኑን መልሼ ወደ እሷ ገፋሁት። የሚፈርሰው ገጹ ብቻ አልነበረማ፤ ከ«ጎበዟ ልጅ» በቀር ስለ ራሷ የምታውቀው ነገር የላትም።

ሐሙስ ዕለት ስፌት ቤት ጥግ ይዛ ስትጽፍ ቆይታ ድንገት ብድግ አለችና ጠመኔዬን ነጥቃ ጨርቁ ላይ ወረደችበት። ለጎረቤት ሁሉ «ከእኔ አቆራረጥ ሐሳብ ወስዳ ነው» ብዬ አስወርቻለሁ፤ እውነቱ ግን ወረቀት አልቆባት ነው። እጅጌ ብዬ ካሰመርኩት ጀምራ እስከ ኪሱ ሞላችው። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ እየሳቀች፣ «እውነት ነው ጋሼ፤ ግን በፍጹም ግልጽ አይደለም!» አለች።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ሹፌሩን «ልክ ነበሩ፤ እኔም አላውቀውም ነበር» አለችው። እሱም ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ገለበጠና «አሁን ገና ገባኝ» ብሎ ተቀመጠ። ቤት ስትመጣ ድስቱን ጠረገችው፤ የእኔን ድርሻ ጨምራ። በሕይወቴ በመራብ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

እማዬን እቅፍ አድርገው ሳሙልኝ። ታላቅ እህታችንን ከነባሏ፣ መንትዮቹንም እየለዩ ሰላም ይበሉልኝ፤ አንዱን ሁለቴ እንዳይስሙት። «ይህች ልጅ በሂሳብ ታብዳለች» ሲል ለኖረው አጎታችን ደግሞ ለብቻው ረዘም ያለ ሰላምታ።

ከስፌት ቤቱ፣ ኅዳር ፱ ቀን
ልጅዎ

ማረሚያ፦ ሰሞኑን በስልክ በተደጋጋሚ «ጉንፋን ይዟት ነው» ተብሎ የተሰጠው መግለጫ ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ፣ «ጉንፋን» የሚለው «ፍርሃት»፣ «ይዟት» የሚለውም «ይዞን» ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና እናሳስባለን።